ቤዝ ጊታራችሁ የማይሰማው ዋት ስላነሰ ላይሆን ይችላል

ብቻችሁን ስትለማመዱ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ ሲገቡበት ድራሹ ይጠፋል። ቮልዩም ትጨምራላችሁ፤ የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) የቤዝ ቁልፍ ታዞራላችሁ፤ ስፒከሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ኖታው ግን አሁንም አይለይም። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ «ትልቅ አምፕ ልግዛ» የሚል ነው። በዚህ መከራ ያለፍን ሰዎች የምናውቀው ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከአምፑ በፊት ወይም ከአምፑ በኋላ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው መረጣ ተነስቼ ድምፁ እስከ ጆሮ የሚደርስበትን መንገድ በተራ እሄድበታለሁ። ገና ለመግዛት ያሰባችሁም፣ ገዝታችሁ የተናደዳችሁም የየራሳችሁን ታገኙበታላችሁ።

መሣሪያ ስትመርጡ በመጀመሪያ እጃችሁን አስቡ። የተለመደው የክር ርዝመት፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ካለው ነት (ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ያለው ቁራጭ) እስከ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት) ያለው ርቀት፣ 34 ኢንች ወይም 864 ሚሊሜትር ነው። አጭሩ 30 ኢንች ይሆናል። በአጭሩ ቤዝ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) ስለሚቀራረቡ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ይመቻል፤ በአንጻሩ ክሩ ስለሚላላ የወፍራሙ ኢ ክር ድምፅ ክብና ለስላሳ ይሆናል፣ ጥርት ማለቱ ይቀንሳል። የአንገቱ ስፋትም ቀላል ነገር አይደለም። ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሪሲዥን እና በ1960 እ.ኤ.አ. ያስከተለው ጃዝ ቤዝ እስከ ዛሬ የብዙዎቹ ቤዞች መለኪያ ናቸው። የጃዝ ቤዝ አንገት ነቱ ላይ 38 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የፕሪሲዥን እንደ ሞዴሉ ከ41 እስከ 44 ይደርሳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወቱና አንጓችሁን ጠይቁት።

በድምፅ በኩል ፕሪሲዥን ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት) ብቻ ነው ያለው። ጉልበቱ ያለው በታችኛው መካከለኛ ድምፅ ላይ ስለሆነ ከባንድ ጋር ሲሆን ቦታውን ራሱ ያገኛል፤ የሚበላሽ ብዙ ቁልፍም የለውም። ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፕ ስላለው ብዙ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሁለቱን ቮልዩም እኩል ስትከፍቱ ፒክአፖቹ ከመብራት የሚሰርቁትን «እምምም» የሚል ድምፅ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ፤ አንዱን ዝቅ ስታደርጉ ግን ብቅ ይላል። ይህ የዚያ ቤዝ ባሕርይ እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ለዚህ ብሎ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና ከባንድ ጋር ለሚጫወት ሰው እኔ የፕሪሲዥኑን ዓይነት እመርጥለታለሁ።

ባለ አምስት ክር ከፈለጋችሁ ታችኛው ቢ ክር 30.9 ኸርዝ (በሰከንድ የሚነዝረው ብዛት) ላይ መሆኑን አትርሱ። የአራት ክሩ ኢ 41.2 ነው። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች 41ን እንኳ በወጉ አያወጡትም፤ ስለዚህ አምስተኛው ክር ሌላ ወጪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ባትሪ የሚጠቀም፣ አክቲቭ የሚባል ቤዝ ከሆነ ደግሞ ኬብል የሚሰካበት ጃክ ራሱ የባትሪው ማብሪያ ነው። ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ሲፈስ ያድራል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሊያልቅ ሲል ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ድምፁ ይሻክራል፣ ቀስ ስትሉ ደህና ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ስፒከሬ ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል።

ያገለገለ ቤዝ የምትገዙ ከሆነ የሚስተካከለውንና የማይስተካከለውን መለየት ብቻ ይበቃችኋል። ያረጀ ክር፣ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ቮልዩም፣ የላላ ጃክ፣ ከፍ ያለ ክር፣ እነዚህ ሁሉ በቀላሉ ይስተካከላሉ፤ እንዲያውም ለመከራከሪያ ያገለግሏችኋል። የተጣመመ አንገት ግን ተዉት። ከብሪጁ በኩል አንድ ዓይን ጨፍናችሁ በአንገቱ ሁለት ጠርዞች ትይዩ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ጠርዞች አንድ ላይ ወደ ፊት ቢጎብጡ ችግር የለውም፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ ግን ተጠምዝዟል። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ ዳዶው የሚዞር መሆኑን ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሞክሩ። እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ከጎበጠ መውጫ የለውም። ከዚያ አራቱንም ክሮች በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ተጫወቱ። በቀጭኑ ጂ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ አንድ ኖታ ቶሎ ሲሞት ብትሰሙ እንደ ፌንደር በተሠሩ ቤዞች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ከአንገቱ እንጨት ንዝረት የሚመጣ ስለሆነ ክር በመቀየር አይጠፋም፤ ምን ያህል እንደሚያስቸግራችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በመጨረሻ ማንጠልጠያውን አጥልቃችሁ እጃችሁን ልቀቁ። አንገቱ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ግራ እጃችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸከም ያድራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ክፍል እንግባ። የቤዝ አቀማመጥ ማስተካከል፣ ሴታፕ የሚባለው፣ ከብዙ አዲስ ዕቃ የበለጠ ድምፅ ይለውጣል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፤ አንዱ እርምጃ የሚቀጥለውን ስለሚነካ ያፈራረቀው ሰው ሁለቴ ይሠራል። መጀመሪያ አዲስ ክር ታስሮ ይቃኛል። ከዚያ የአንገቱ ቅስት፣ ቀጥሎ የክሩ ከፍታ፣ ቀጥሎ ኢንቶኔሽን (ቅኝቱ በአንገቱ ላይ ሁሉ ልክ መሆኑ)፣ በመጨረሻ ፒክአፕ ይስተካከላል።

ክር ስታስሩ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቆረጥበትን ቦታ ዘጠና ዲግሪ እጠፉት። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ሊላቀቅና ክሩ ከመጀመሪያው የሞተ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ከሚጠመጠምበት እንዝርት አልፎ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ተርፎ ቢቆረጥ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠማል፤ ዙሩ ወደ ታች ይውረድ፣ አይደራረብ። ለመደበኛ 34 ኢንች ቤዝ የተለመደው ውፍረት በሺህኛ ኢንች ሲለካ ከ45 እስከ 105 ነው። ላዩ ሻካራው ክር ጥርት ይላል፣ ፍሬት ግን ይበላል። ላዩ ልሙጥ የሆነው ድምፁ ድፍን ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። የክር ውፍረት ከቀየራችሁ የሚስበው ኃይል ስለሚለወጥ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ እንደገና መሥራት ግድ ነው።

ለአንገቱ ቅስት ቤዙን እንደምትጫወቱበት ይዛችሁ ተቀመጡ። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ መለካት ያሳስታል፣ አንገቱ በክብደቱ ይጎብጣልና። የኢ ክርን 1ኛው ፍሬት ላይ፣ ከዚያም አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። የተጫናችሁት ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆኗል ማለት ነው። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር፤ የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ማለት ነው። ክፍተቱ ከበዛ የትረስ ሮዱን ዳዶ ወደ ቀኝ፣ ጭራሽ ከሌለ ወደ ግራ አዙሩ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። አዙራችሁ ቃኙ፣ ለኩ፣ ካስፈለገ ድገሙ። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ በማግሥቱ ደግሞ ማየት ይሻላል። ቁልፉ ልኩ ካልሆነ የዳዶውን አፍ ይበላዋልና ከዚያ ቤዝ ጋር የመጣውን ወይም በትክክል የሚገጥም ብሩጎላ ያዙ። እምቢ ካለ ክሮቹን አላልታችሁ ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ አቁሙና ለባለሙያ ስጡት፤ የተሰበረ ትረስ ሮድ ማለት አዲስ አንገት ማለት ሊሆን ይችላል።

የክሩን ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ ለኩ። ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኢ ክር 2.4 ሚሊሜትር፣ ለጂ ክር 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። እጃችሁ ከባድ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጉት። እዚህ ላይ ክሩ «ዝዝ» ሲል ብዙ ሰው በደመ ነፍስ ብሪጁን ከፍ ያደርጋል። መጀመሪያ የት እንደሚል አዳምጡ። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ብቻ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል፣ ትረስ ሮዱ ይላላ። ከ12ኛው ወዲያ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል ወይም ቅስቱ በዝቷል። ክሩ ፍሬት ላይ ሳይጫን ሲመታ ብቻ ከሆነ ነቱ ላይ ያለው ቦይ ጠልቋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከጓደኞቹ ከፍ ብሏል፤ ያ የመሞረድ ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። ደግሞ አምፕ ላይ የማይሰማ፣ ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉ ብቻ የሚሰማ «ዝዝ» ሕይወትን አያስመርር፤ ለዚያ ብሎ ክር መስቀል ጣት ማድከም ነው።

ኢንቶኔሽን ቀላል ነው። ክሩን ቃኝታችሁ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። መቃኛው ከፍ ብሏል ካለ በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ሳድል ከአንገቱ አርቁት፤ ዝቅ ብሏል ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡት። ባነቃነቃችሁት ቁጥር ክሩን እንደገና ቃኙ። ያረጀ ክር ምንም ብታደርጉት ልክ አይገባም። ፒክአፑን በተመለከተ የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል በኢ በኩል 2.8፣ በጂ በኩል 2 ሚሊሜትር ገደማ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ አራቱ ክሮች በጆሮ እኩል እስኪሆኑ አስተካክሉ። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ወፍራሙ ክር ቅኝቱ የሚወላገድ ይመስላል።

ወደ አምፑ ስንመጣ ሰውን የሚያታልለው የዋት ቁጥር ነው። ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይኼ ደግሞ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚባል ዓይነት ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ150 ወደ 300 ዋት መሸጋገር ወጪውን ያዋጣል ማለት ይከብዳል። በስፒከሩ የመግለጫ ወረቀት ላይ ያለውን ሌላ ቁጥር ተመልከቱ፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለውን። 100 የሚል ስፒከር 94 ከሚለው በ6 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ይህም ከአራት እጥፍ ዋት ጋር እኩል ነው። በ100 ዋት የሚነዳው ጎበዝ ስፒከር በ400 ዋት ከሚነዳው ደካማ ጋር ይተካከላል ማለት ነው። ሁለተኛ ተመሳሳይ የስፒከር ሳጥን መጨመርም እንደዚሁ ነው፤ አምፑ የሚያየው ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከ8 ወደ 4 ሲወርድ የሚጨምረው ኃይል ታክሎበት እስከ 6 ዴሲቤል ሊያስገኝ ይችላል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ድምፅና ከፍተኛ ድምፅ ሦስቱ አብረው አይገኙም፤ ከሦስቱ አንዱን ትተዋላችሁ። «ባለ 15 ኢንች ጥልቅ ነው፣ ባለ 10 ኢንች ቀጭን ነው» የሚለውም አጉል እምነት ነው፤ አምፔግ በ1969 እ.ኤ.አ. ካወጣው 300 ዋት አምፕ ጋር ያቀረበው ትልቅ ሳጥን ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች የያዘ ነው፣ ቀጭን ነው ያለውም የለም። የሚወስነው ሳጥኑና የስፒከሩ አሠራር ነው።

ኦም ላይ ስህተት አምፕ ያቃጥላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አንድ ላይ ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4 ሲገናኙ 2.67 ይሆናሉ፤ ሦስት ባለ 8 እንደዚሁ 2.67። አምፑ ጀርባ ላይ «ከ4 ኦም በታች አይሁን» የሚል ከሆነ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት አይቻሉም። ትራንዚስተር ያለው አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት ቢበራ በአብዛኛው ምንም አይሆንም፤ ባለ ቱቦው ግን ያለ ስፒከር ከተጫወታችሁበት የውፅዓት ትራንስፎርመሩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። በሊድ ጊታር አምፕ ላይ ቤዝ መጫወት ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ለልምምድ ያህል እንጂ ለመድረክ አይሆንም፤ የዚያ ስፒከር ፊት ላይ ያለው የሚርገበገብ ወረቀት ለዝቅተኛ ድምፅ የሚያስፈልገውን ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ አልተሠራም። ኪቦርድ አምፕ ከሱ ይሻላል።

ኬብል። ከቤዝ ወደ አምፕ የሚሄደውና ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደው ጫፋቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው ሌላ ነው። የቤዙ ኬብል መሐሉ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ስፒከር ላይ ከተሰካ ኃይሉን ይበላል፣ ይሞቃል፣ ሊቀልጥና አምፑን ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ለስፒከር ቢያንስ 1.5፣ ቢቻል 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ባለ ሁለት ሽቦ ተጠቀሙ። ባትሪ የሌለው ቤዝ ከሆነ የቤዙ ኬብል ከ6 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በረዘመ ቁጥር ከፍተኛው ድምፅ እየተዋጠ ይሄዳል።

ድምፅ ስታስተካክሉ ሁሉንም የቶን ቁልፎች መሐል ላይ አድርጉ፣ ማስተሩን (የመጨረሻውን ቮልዩም) ዝቅ አድርጉ። ከዚያ በምሽቱ ከምትመቱት ሁሉ በጠነከረው ምት እየተጫወታችሁ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ክፈቱና ትንሽ መልሱት። ማስተሩን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መጣን። ቤዝና ትሬብልን ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ ማድረግ ብቻችሁን ስትሆኑ ያምራል፤ ባንድ ሲገባ ግን የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ታችኛውን፣ ሲምባሉና ጊታሩ ላይኛውን ይወስዱታል። ለእናንተ የቀረው መካከለኛው ነበር፤ እሱን ቀንሳችሁታል። ኖታው እንዲለይ ከ500 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ጨምሩ። ድምፁ ከታፈነ ከ200 እስከ 300 አካባቢ ቀንሱ። የቤዝ ቁልፉን በ10 ዴሲቤል መጨመር አምፑን በዚያ ድምፅ ላይ አሥር እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፤ ስፒከሩ የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው። አምፑ ላይ ከ30 ወይም ከ40 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለ አብሩት፣ ሳይሰማችሁ ኃይል የሚበላውን ያስወግድላችኋል።

መድረክ ላይ ደግሞ ቦታ ድምፅ ነው። አምፕ ግድግዳ ሲጠጋ ታችኛው ድምፅ ያብጣል፣ ጥግ ላይ ሲገባ የባሰ ያብጣል። ሥሩ ባዶ የሆነ የእንጨት መድረክ እንደ ከበሮ አብሮ ያስተጋባል፤ አምፑን ጠንካራ ሳጥን ወይም ወፍራም ስፖንጅ ላይ አንሱት። የኢ ክር ሞገድ በአየር ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አምፑ ሥር ቆማችሁ የምትሰሙትና አዳራሹ መሐል ያለው ሰው የሚሰማው አንድ አይደለም። ኖታን የሚለየው መካከለኛ ድምፅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቁርጭምጭሚታችሁን እየመታ ያልፋል። አምፑን ወደ ጆሯችሁ አጋድሙት፤ ቮልዩም ሳትነኩ ብዙ ነገር ይገለጣል። የጆሮ መሰኪያም ያዙ፦ ለ85 ዴሲቤል የሚመከረው ጣሪያ 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

ወደ ዋናው የድምፅ ሲስተም በዲአይ (የቤዙን ምልክት ለሚክሰር በሚመች መልኩ በሚያቀብለው መውጫ) ስትገቡ ምልክቱ ከቶን ቁልፎቹ በፊት እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል፤ እናንተ ለራሳችሁ የምትለውጡት የሳውንድ ማኑን ሥራ አያበላሽም። «እምምም» ከመጣ የዲአዩን የግራውንድ ማንሻ ተጫኑ፤ አምፑንና ሚክሰሩንም ከአንድ የመብራት መስመር አብሩ። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ «እምምም» የተለመደ ነው። ክሩን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ግን መብራቱ ወዲያው ይጥፋ። የአምፑን ስፒና የመሬት እግር ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት የሚመክራችሁን ሰው አትስሙት፤ ክሩና ማይክሮፎኑ በእናንተ በኩል እንዲገናኙ እያመቻቸ ነው።

መድረክ ላይ ድምፁ ድንገት ቢጠፋ በዚህ ተራ ሂዱ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፣ በብዛት ተጠያቂው እሱ ነው። ቀጥሎ ባትሪውን። ቀጥሎ ፔዳሎቹን ሁሉ ዝለሉና ቤዙን ቀጥታ አምፑ ላይ ስኩ። የቤዙን ጃክ ዳዶ ነካ አድርጉ፤ ከላላ ከነሽቦው ስለሚዞር ውስጡ የተበየደው ይበጠሳል። አምፑ ጭራሽ ካልበራ ከመብራት ነቅላችሁ ፊውዙን እዩ፣ ከተቃጠለም ቁጥሩና ዓይነቱ ያው በሆነ ብቻ ተኩት። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ ምሽቱን በዲአይ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ገብታችሁ ጨርሱና አምፑን በማግሥቱ ለጥገና ላኩት።